አባባ በመንገዱ

በሆስፒታሉ ጓሮ፣ ሣሩ ላይ፣ በነጭ ድንጋይ የታጠረ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ጭንቀት የያዘው ሰው ቀስ እያለ እንዲሄድበት ሐኪሞቹ ያሠሩት ነው። መሃሉ ጋ ለመድረስ ተቻኩሎ ድንጋዩን የተሻገረ ግን ወየውለት! ሽማግሌው ዘበኛ ዱላቸውን ወዝውዘው «ኧረ በመንገዱ! ጭንቀት አቋራጭ የለውም!» ብለው ያምባርቁበታል። ዋናውን ሐኪም እንኳ አልማሩም። ስማቸውም በዚያው «አባባ በመንገዱ» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ባለቤታቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ። ሽማግሌው መቆምም መቀመጥም ሲያቅታቸው መንገዱን ራሳቸው ጀመሩት። መሃሉ ጋ ደረስኩ ሲሉ መንገዱ መልሶ ወደ ዳር ያወጣቸዋል።

«አባባ!» አለች ነርሷ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሆና። «እስቲ ይምጡ።»

ሰምተዋል፤ እርምጃቸውን ግን አላፈጠኑም። መንገዱ እስካላለቀ ድረስ ምንም አልተነገራቸውም፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ ገና አልሆነም።

«መጣሁ ልጄ፤ በመንገዱ ነው የምመጣው» አሉ።

ነርሷ ጥቂት ጠበቀቻቸው። ከዚያ ነጩን ድንጋይ እየተሻገረች በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣች።

አባባ በመንገዱ አልጮኹባትም።