ከነሥሩ የተነቀለው ቄጤማ

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ አንዲት ልጅ ከባጃጅ ላይ ቄጤማ አውርዳ ትሸጥ ነበር። እኔም እንደ ሰዉ አንድ እቅፍ ሳነሣ ሥሩ ከነጭቃው ነው።

«ከነሥሩ ሲሆን ቶሎ አይጠወልግም፣ እማማ» አለችኝ። እማማ መባሉንስ ለምጄዋለሁ፤ ጭቃው ግን አባቴን አመጣብኝ።

አባቴ በለጠ የከተማዋ ፍሳሽ ማጣሪያ ጠባቂ ነበር። ማጣሪያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማው በታች፣ ሮቢ ወንዝ ዳር የተቆፈሩ ሦስት ኩሬዎች ናቸው። ከሆቴሎቹና ከየቤቱ የሚመጣው ፍሳሽ በመጀመሪያው ይዘቅጣል፤ በሁለተኛው ያ የቆላ ፀሐይ ይመታዋል፤ በመጨረሻው ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ ቄጤማ መካከል ቀስ እያለ አልፎ፣ የቀረውን እድፍ ሥሩ ላይ ጥሎ ወንዙ ይገባል። ከዚያ በታች የአባቴ እህት አስካለ ሽንኩርቷን ታጠጣበታለች፤ ለመጠጥም የወንዙን ዳር አሸዋ ጭራ ትቀዳለች። ስለዚህ አባቴ ኩሬዎቹን የሚጠብቀው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም።

ሥራው ግን አላስከበረውም። ታጥቦ ለብሶ እድር ሲሄድ እንኳ አጠገቡ ያለው ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይል ነበር። እናቴ ስትናደድ «ተይው፣ አፍንጫቸው ነው» ብሎ ይስቃል። የሚስቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነበር።

እኔ ለአቅመ ሔዋን በደረስኩበት ዓመት በልጉ ቀረ፤ ሰፈሩ ቄጤማ የሚያጭድበት ምንጭም ደረቀ። በቅዳም ስዑር ጠዋት ከአባቴ ጋር ኩሬው ዳር ሳለን የእድሩ ዳኛ ግማሹን ሰፈር አስከትለው መጡ።

«ጋሽ በለጠ፣ ዘንድሮ ያለ እርስዎ በዓል የለንም» አሉት።

ከኋላ አንዱ «ንጹሕ ነው ግን?» ሲል አባቴ ከመውጫው ውኃ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ። ሰዉ ሳቀ፣ መረቀው፤ ዳኛውም ትከሻውን አቀፉት። ያን ዕለት የነበረውን ፊት ሌላ ጊዜ አላየሁበትም።

«እጨዱ እንጂ አትንቀሉ። የሚያጣራው ሥሩ ነው» አላቸው።

«ምን በወጣን!» አሉ። ነገር ግን የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሰው ይቸኩላል፤ ማጭድ ያልያዘው በእጁ ይመዝ ጀመር። ከሥር ያለው ጥቁር አተላ ተበጠበጠ። አባቴ ለመናገር አፉን ሲከፍት አንዱ «እግዜር ይስጥልን፣ ጋሽ በለጠ» ይለዋል፤ መልሶ ይዘጋዋል።

በማግሥቱ ቤታችን በቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ቀርቦ ሳለ አስካለ ደረሰች። ለፋሲካ ፓፓያ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን የያዘችው ጀሪካን ነው። ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው የዶሮውን ሽታ ዋጠው። ትንሹ ልጇ ሲያስመልሰው አድሯል።

«ጋሼ፣ ይህን ለልጆቼ ላጠጣ?»

አባቴ እግሩ ሥር ያለውን ቄጤማ አየ። «ሰዎቹ እኮ... እግዜር ይስጥልን ብለውኝ ነበር» አለ፣ ለእሷ መልስ የሚሆን ይመስል።

ልጁ ዳነ። አባቴ ክረምቱን ሙሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቄጤማ ሲተክል ከረመ፤ ከእድሩ ሊያግዘው የወረደ ሰው አልነበረም። ለከርሞ ኩሬው ለመለመ፣ ውኃውም ጠራ። አስካለ ግን ከወንዙ መቅዳቱን ተወች፤ ለፋሲካም ቤታችን ዳግም አልመጣችም። አባቴ በየፋሲካው በሩን እያየ ይቆርስ ነበር፤ እንዲሁ እንዳየ ሞተ።

«አይወስዱትም እንዴ?» አለችኝ ሻጯ። መለስኩላት፤ ዘንድሮ ባዶ ወለል ላይ ፈሰክሁ።

የሚቆጨኝ ቄጤማው አይደለም፤ ቄጤማ መልሶ ይበቅላል። የሚቆጨኝ፣ ያ ሁሉ ሰው አባቴን ለማክበር ቄጤማ እስኪቸግረው መቆየቱ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እድር ላይ ጠጋ ብለውት ቢቀመጡ ኖሮ፣ በዚያ ጠዋት «ተዉ» የሚልበት አፍ አያጣም ነበር።