ታጥበው የጠበቁኝ ቀንድ አውጣዎች

ይህ ገጠመኝ በ2002 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አርባ ምንጭ ላይ የደረሰብኝ ነው። ስለ ደግ ሰው በተወራ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ እሱ ስለሆነ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የጋሞ ቀንድ አውጣዎች ልቤን ወሰዱት። ባልደረቦቼ “ሰው ወርቅ ይፈልጋል፣ እሱ ቀንድ አውጣ” እያሉ ይስቁብኛል። ውጭ አገር ያለ አንድ ማኅበር ለጀማሪ ተመራማሪዎች ትንሽ የጥናት ድጋፍ ይሰጣል፤ ለአጉሊ መነጽርና ለመኪና ኪራይ የምትበቃ ናት። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ወደቅሁ። በሦስተኛው የእያንዳንዱ ዛጎል ፎቶ ከተገኘበት ቦታ ጋር እንዲላክ ጠየቁ። ማብቂያው ሰኞ ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ ከሐይቁ ዳር ጀምሬ በኦቾሎ አድርጌ ጨንቻ ድረስ ወጣሁ። ያገኘሁትን ባዶ ዛጎል ሁሉ ለየብቻ በክብሪት ቀፎ አደረግኩና የት እንዳነሳሁት በቁራጭ ወረቀት ጽፌ አብሬ ከተትኩ። ጥናቴ ከቆላ እስከ ደጋ ዓይነታቸው ይለያያል ወይ የሚል ነው። ያለዚያ ወረቀት ዛጎሉ ለልጅ መጫወቻ እንጂ ለእኔ አይረባኝም።

ሐሙስ ከሰዓት ሲቀላ የሚባለው የከተማው ሰፈር ከመኪና ስወርድ ዝናቡ አላስኬድ አለኝ። አንድ የጅምላ ሱቅ ገብቼ ተጠለልኩ። ሲያባራ ወጣሁ፤ ቀፎዎቹን የያዘውን ፌስታሌን ግን እዚያው ረሳሁት። ትዝ ያለኝ በማግስቱ አስተምሬ ስወጣ ነው።

እየሮጥኩ ብሄድ ሱቁ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ጁምዓ ሄደዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ፣ “መምህር፣ አማናህ፣ ያው አደራህ፣ ተቀምጧል” ብለው አንድ ጠርሙስ አወጡ።

ዛጎሎቼ ሁሉ አንድ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ናቸው። ያብረቀርቃሉ።

“ባለቤቴ ዘሀራ ናት” አሉ በኩራት። “ክብሪቱ ርሶ፣ ጭቃ ሆኖ አገኘችው። የሰው ዕቃ እንዲህ አይመለስም ብላ አንድ በአንድ አጠበችልህ።”

“ወረቀቶቹስ?”

“የራሰውን? ጣልነው እንጂ!”

“እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ። ግን እዚያው ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። “ምን አጠፋን?” ብለው ሲያፋጥጡኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። “አማና ጎድሎ አይመለስም” አሉ። “ነገ ወጥተን እንለቅማለን።”

ነገ ቅዳሜ ነው። የሲቀላ ገበያ ቀን ነጋዴ ቢታመም እንኳ ሱቁን አይዘጋም። ማጽናኛ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሲነጋ አይሱዙአቸውን ራሳቸው እየነዱ በሬ ላይ ጥሩምባ ነፉ።

ያን ቀን ያ ሁሉ ሰውነት ሲያጎነብስ ዋለ። ኦቾሎ ስንደርስ ሴቶች ከበቡንና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁ። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ ጋሽ ሸምሱ ግን በንግድ ለምደውታል።

“ምን ጠፍቷችሁ ነው ይላሉ” አሉኝ፤ ከዚያ አስረዷቸው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልፍ ወደ ጓሮ ወሰዱንና እንሰቱ ላይ የተንጠለጠለውን ደረቅ ቅጠል ገለጥ አድርገው አሳዩን። ዛጎሎቹ በየቅጠሉ ሥር ነበሩ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስገለብጥ ነው የዋልኩት።

“አንተ ወረቀቱን ጻፍ፣ የእኔ እጅ ጭቃ ነው” ይሉኛል ጋሽ ሸምሱ። እስከ ጨንቻ ድረስ ለቅመን ተመለስን።

ሰኞ ላክሁ። መልሱ መስከረም ላይ መጣ። አሁንም አልተሳካም።

እኔስ ለምጄዋለሁ። ለጋሽ ሸምሱ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ለሳምንታት በሱቃቸው በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ አዩኝና አስቆሙኝ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

“ሌላ ጊዜ ይቀበላሉ?”

“በዓመቱ።”

“እንግዲያው እንወጣለን። ቅዳሜ ብቻ አይሁን፣ ደንበኞቼ አኩርፈውኛል” ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዓመቱ ማክሰኞ ቀን ወጣን። ያኔ ድጋፉ ተፈቀደልኝ፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ፦ ያን ዓርብ ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ ወይዘሮ ዘሀራን በልቤ ረግሜአቸው ነበር። ዛሬም ቤታቸው ስሄድ “ከስተሃል፣ ብላ እንጂ” እያሉ ያጎርሱኛል። እኔም በእፍረት እጎርሳለሁ።