በኮባ የተጠቀለለው እግር

አዋሳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቁስል አጣቢው ድሬሰር ባልዲ አስጨበጠኝ። «ያገለገለ ፋሻ እዚህ ውስጥ። የቁስል መጥረጊያውን ፒንሳ እንዳትነኪ» አለኝ። በጽዳት ነበር የተቀጠርኩት። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ የመድኃኒት ስም ማንበብ የለመድኩት ከተጣለ ካርቶን ላይ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድሬሰሩ ወደ ጦር ግንባር ሲላክ ቁስል ማጠቢያ ክፍሉ «ለጊዜው» ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

ያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ስለታሸገ እሑድ እንኳ የሚያነጋግረኝ አልነበረም። ቁስሉ የሚታጠብለት ሰው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል እንጂ አያወራም።

እማማ ዳንጊሴ ግን ያወሩ ነበር። ከከተማው ውጭ ካለ የገበሬ ማኅበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ ስለዚህ ሕክምናቸው ነፃ ነው። ቅልጥማቸው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። ትእዛዙ በየቀኑ ይታጠብ የሚል ነበር፤ በየቀኑ አጠብኩ።

ሴትየዋ ታዲያ ያሰርኩላቸውን ፋሻ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ ጠቅልለው፣ በቃጫ አስረው ነው የሚመጡት። እኔ ቀድጄ ባልዲ ውስጥ እጥለዋለሁ።

«እማማ፣ በቅጠል የታሰረ ቁስል ያመረቅዛል። ስንቴ ልንገርዎት?»

«እሺ ልጄ» ይላሉ እየሳቁ። በማግስቱም በኮባ።

ቁስሉ ሰፋ። ኃላፊያችን ጓድ መኮንን አንድ ጠዋት ብቅ ብሎ አየው። «ነፃ አክመናል፣ ፋሻም አልነፈግንም። እንዲህ ከሆነ ሆስፒታል ሄደው እግሩ ይቆረጥ» ብሎ ወጣ።

እማማ ዳንጊሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ቆረጣውም ነፃ ነው?» አሉኝ።

 እጄን ወደ ኮባው ሰደድኩና ያን ቀን ሳልቀድ በቀስታ ፈታሁት። ዝናብ ነበር። ቅጠሉ ከውጭ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከውስጥ ግን ፋሻው እንዳሰርኩት ነጭ ነው። ቅጠሉ ያልደረሰበት ቁርጭምጭሚቱ ጋ ብቻ ጭቃው ገብቶ ወደ ቁስሉ ወጥቷል።

«ከቤትዎ እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ይሄዳሉ?»

«ዶሮ ሲጮህ እነሣለሁ። ረግረጉ እስከ ጉልበት ነው። እኔ እዚህ ስውል እንሰቱን የሚሠራልኝ ሰው ቀጠርኩ፤ ጥጃዬን ሸጬ። ፋሻሽ ነፃ ነው ልጄ፣ መንገዱ ነው ጥጃ የበላው።»

ለካ እኔ ጠዋት የማጥበውን መንገዱ ያቆሽሸዋል። እግሩም አንድ ቀን አላረፈም።

ማንንም ሳልጠይቅ ሦስት ጥቅል ፋሻ ሰጠኋቸው። ውኃ በጨው አፍልተው ሲበርድ እንዲያጥቡት፣ ፋሻውን ቀቅለው ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡ፣ በየሦስት ቀኑ እንዲቀይሩ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲያሳርፉ አሳየኋቸው። በአራተኛው ሳምንት እንዲመለሱ ቀጠርኳቸው።

«ኮባውስ?»

«ይሁን፤ ታጥቦ።»

ከሩቅ የሚመጡ ለሌሎችም እንዲሁ አደረግሁ። በወሩ መጨረሻ የሪፖርቱ ቁጥር ወረደ። ዕቅዳችን የሚለካው በታጠበ ቁስል ብዛት ነበር። ለሂስና ግለሂስ በሠራተኛው ስብሰባ ፊት አቆሙኝ።

«ጓዲት፣ ሰፊውን ሕዝብ ከሕክምና እያራቅሽ ነው» አለ ጓድ መኮንን።

«እማማ ዳንጊሴ በቀጠሯቸው ሲመጡ እግራቸውን እዩ» አልኩ።

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡ ወደ ባልዲዬ መልሱኝ።»

አልመጡም። በአምስተኛው ሳምንትም አልመጡም። የሥራ ባልደረቦቼ ሰላምታ እንኳ ቀነሱ። ቁስሉ አጥንት ደርሶ እንደሆነስ? ገድያቸው እንደሆነስ? እያልኩ ሰነበትኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ገበያ ቡላ ሻጮች መሐል አየኋቸው። በሁለት እግራቸው ቆመው ዋጋ ይከራከራሉ።

«እማማ! ቀጠሮው ምን ሆነ?»

«ዳንኩ እኮ!» ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳውን አሳዩኝ። «የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

«አንድ ቀን ብቻ ይምጡና ኃላፊዬ ይይዎት። እንጀራዬ ነው።»

 «ነገ እንሰት እፍቃለሁ። መንገዱን ነግሬሻለሁ አይደል?» አሉና ቡላ ጠቅልለው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሰኞ መዝገቡን ገለጥኩ። ለዳነ ሰው የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረውም። በስማቸው ፊት «ሕክምናዋን ያቋረጠች» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። እንደ ቃሌም ባልዲውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተሸከምኩ፤ ቁስል የሚያጥብ ሰው ሲጠፋ ነው ወደ ክፍሌ የመለሱኝ።

ዛሬ ፋሻ የምትፈቱ ልጆች፣ በሽተኛው ከየት እንደመጣና ለመምጣት ምን እንዳወጣ ጠይቁ። የሕክምናው ዋጋ ያም ጭምር ነው።