አንዴ ከተፈታ አይቀር

የአውቶቡስ ጋራዡ ሰዎች አለቃ ብሎን ነበር የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሌላው መካኒክ ያጠበቀውን ብሎን እሱ ሳይደግመው አንድም አውቶቡስ ከበር ወጥቶ አያውቅም። ሾፌሮቹ «ኧረ ልቀቀን፣ ተሳፋሪው ሊያረጅ ነው!» እያሉ ይጮኹበታል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተመልሶ ከሥር ይገባል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ነበር መልሱ። በእሱ እጅ ያለፈ አውቶቡስ መንገድ ላይ አልቀረም፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። ጣጣው የመጣው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ያገለገለች ሞተር ሳይክል ገዛ። ለራሱ አይደለም፤ ለታላቅ እህቱ ብሎ ነው። እናታቸው ቀድማ በመሞቷ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁንም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሽማግሌ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የምትለው። ዓይኗ ሲደክምባት ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ፣ «እናቴ፣ ነርቩ እየደከመ ነው፤ መመለሻ የለውም። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ይዩት» አላት። እሷም ቤት እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቀችም። የሐኪሙ ደጅ ላይ ቆማ፣ «ወንዙ ጋ ውሰደኝ» አለችው።

ወንዙ ያደጉበት ነው። ውሃው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ እሱን በጀርባዋ አዝላ ልብስ የምታጥብበት አንድ ድንጋይ አለ። ያንን ድንጋይ አንዴ ማየት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። አውቶቡሱ ግን እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመት ላገለገለ ጉልበት የሚሆን አይደለም። ሞተር ሳይክል ግን ይገባል።

ጥሩ ወንድም ነው፤ በሳምንቱ ገዛ። ቀይ፣ አሮጌ፣ ግን ጤነኛ። «ዘይቷን ልቀይር፣ ፍሬኗን ልይና ቅዳሜ እንሄዳለን» አላት። የድሮውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠፍጥፎ የብረት ብናኝ ፈለገ፤ የለም። እሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን አየው፤ ደረቅና ቡናማ፣ ልክ መሆን እንዳለበት። የኋላ ጎማዋን የሚጎትተውን ካቴና በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሁለት ጣት ያህል ላላ አድርጎ ወጠረው። የኋላ ፍሬኗ ሸራ አልቆ ስለነበር በአዲስ ለወጠው። በሦስተኛው ቀን ሥራው ተጠናቀቀ። እህቱ ይህን ሁሉ በሯ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። የብሎን ዳዶ ከእጁ አምልጦ ሲንከባለል፣ «ከጎማው ሥር ገባልህ፣ ማሙሽ» ብላ ያሳየችው እሷ ናት።

ታዲያ ለምን አልሄዱም? ዓርብ ከሰዓት የፊት ጎማውን አሽከረከረና ጆሮውን አስጠጋ። «ኩሽኔታው ትንሽ የሚያጉረመርም መሰለኝ» አለ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ምንም አላጉረመረመም። እሱ ግን ፈታው። ጎማው አንዴ ከተፈታ አይቀር ብሎ የሚይዘውን ሹካ አወረደ። ሹካው ከወረደ አይቀር መሪውን አነሳ። መሪው ከተነሳ አይቀር ገመዶቹን ሁሉ መዝዞ አወጣ። አንዱ ገመድ ከሌላ ከተማ ይመጣል ተብሎ ሁለት ሳምንት ተጠበቀ።

«ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትሰናዳም!» ብላ እህቱ ሳቀች። «ልትነዳት ነው የገዛሃት ወይስ ልትድራት?»

የራሱ ሞተር ሳይክል ያለው ጎረቤታቸው ፖስተኛ፣ «እኔ ላድርሳቸው እንጂ፣ እሑድ እረፍት ነኝ» ቢል፣ አለቃ ብሎን ደሙ ፈላ።

«እህቴን ያልተፈተሸ ነገር ላይ አላስቀምጥም!»

«ኧረ በየቀኑ የምሠራበት ነው፣ ጋሼ!» አለ ፖስተኛው። ማን ሰምቶት! እሷም ወንድሟ እንዳይከፋው ብላ፣ «ተወው ልጄ፣ ከእሱ ጋር ነው የምሄደው» አለች። ምናለ ያን ቀን እሺ ብሎ ቢሆን! ዛሬም ፖስተኛውን መንገድ ላይ ሲያገኘው አንገቱን ይደፋል።

እንግዲህ ሐቁ ይነገር። ሰውየው ፈርቶ ነበር። አዎ፣ ፍርሃት! ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ኖሮ ከበሩ ወዲያ አንድም መኪና ነድቶ አያውቅም፤ የሚነዱት ሾፌሮቹ ናቸው። ሞተር ሳይክሏን በሰፈሩ መንገድ ላይ ሁለቴ ሞክሯት፣ ብቻውን ሆኖ እንኳ መዳፉ በላብ ርሷል። እህቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ወንዙ የሚወስደውን ዳገት መውጣቱን ሲያስበው መፍቻውን ያነሳል። «ፈራሁ» ከማለት ደግሞ «ካርቡሬተሯን ልየው» ማለት ይቀላል። እናም ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ደህናውን ሲፈታና መልሶ ሲገጥም ሦስት ወር አለፈ።

እሷ በሯ ላይ ሆና ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ሰሞን «ያ ጥቁሩ ምንድን ነው?» ነበር የምትለው። በኋላ «አሁን ደግሞ ምን ይዘሃል?» ሆነ። በመጨረሻ «አለህ?» ብቻ። ብሎን ሲላላ በድምፁ የሚያውቅ ሰው፣ ይሄን አልሰማም!

አንድ ጠዋት እንደ ምንም ድፍረቱን አሰባሰበና አዲስ ሄልሜት ገዝቶላት መጣ።

«እትዬ፣ በቃ አለቀ! ነገ በጠዋት እንሄዳለን» ብሎ እጇ ላይ አስቀመጠው። እሷ ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«ቀለሙ ምንድን ነው?» አለች።

ሄልሜቱ ቢጫ ነበር፤ ከሩቅ የሚጮህ ቢጫ። አለቃ ብሎን ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካንዴላውን ለሁለተኛ ጊዜ ከፈታህ ወዲህ።»

ወር አልፎታል ማለት ነው። እግሯ ሥር ቁጭ አለ።

«ምነው ብትነግሪኝ፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ትደነግጣለህ። አንተ በደህናውም ቀን ፈሪ ነህ፤ ደንግጠህማ ገደል ነው የምትከተን።» ሄልሜቱን ጭኗ ላይ አመቻቸችው። «ለማንኛውም ነገ እንሄዳለን። ሦስት ወር የጠበቅኩት ለዚህ ቆብ አይደለም።»

ሄዱ። ወገቡን ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ሲወጣ ከኋላው፣ «እኔ አዝዬህ የምወጣው እንኳ ከዚህ ይፈጥን ነበር» አለችው። ሞተር ሳይክሏ አንዴም አልጠፋችም፤ አልተንገዳገደችም። ከመጀመሪያው ኮረብታ በኋላ ፍርሃቱ ራሱ ለቀቀው። ያ ደግሞ ይብስ አንገበገበው። ሦስት ወር ያስፈራው ነገር ይሄ ብቻ ነበር?

ወንዙ ጋ ደርሰው እጇን ይዞ አወረዳት።

«ምን ይታያል?»

«ውሃ አለ።»

«እሱንማ እሰማለሁ፣ ጅል። ድንጋዬስ?»

አየ። ድንጋይ ሞልቷል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ጠፍጣፋውም ሾጣጣውም፣ ዳር ዳሩን ተደርድሯል። የትኛው ነው? እሱ ያኔ ጀርባዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ያን ድንጋይ አይቶ የሚለይ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ አንዱ ወሰዳት። በመዳፏ ዳሰሰችው። «አይደለም።» ወደ ሌላው መራት። «ይሄም አይደለም።» ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ገባና «ይሄ ይሆን? ይሄስ?» እያለ ከድንጋይ ድንጋይ ይጎትታት ጀመር። ስድስተኛው ላይ ደከማትና ያልሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ ፊቷ ቆሞ አለቀሰ።

«እትዬ፣ ሞተር ሳይክሏ እኮ በሦስተኛው ቀን ዝግጁ ነበረች። ምንም አልነበረባትም። ፈርቼ ነው።»

ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። ፊቷን ወደ ውሃው ድምፅ አዞረች።

«ያኔ ብንመጣ ኖሮ አገኘው ነበር» አለች።