አለልኝ ያልጠየቀው ጥያቄ

ባሕር ማዶ፣ ኢገን ከተማ ውስጥ በተሰጠው የአንድ ቀን ስልጠና ላይ አስተማሪዋ ለእያንዳንዱ የኢንሹራንስ ወኪል ነጭ ወረቀት አደለችና፣ «የራሳችሁን የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ» አለች። ፈቃድ የሚያሳድስ ሁሉ ይህን ስልጠና መውሰድ ነበረበት። ከወኪሎቹ አንዱ የሆነው አለልኝ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ገጹን ሲሞላ፣ አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አልመልስም።»

ነገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ክሪስታል ከተማ፣ ጋሽ ኩምሳ ቤት የሕይወት ኢንሹራንስ ፎርም ሊያስሞላ ሄደ። ጋሽ ኩምሳ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ስልሳን የተጠጉ ጨዋታ ወዳድ ነበሩ። ፎርሙ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ እያለ ይጠይቃል። አለልኝ ግን የአባቱን እኩያ በሚስታቸው ፊት «ምን በሽታ አለብዎት?» ማለት ነውር መሰለው። ሳያነብላቸው፣ ሁሉም ላይ «የለም» የሚለውን ራሱ ምልክት አደረገበት።

«ጨረስክ? የት ልፈርም? እነዚህ ፈረንጆችህ መቼም ወረቀት ሲወዱ!»

«እዚህ ጋ፣ ጋሼ።»

በዓመቱ ሞቱ። ኩባንያው የሕክምና ማህደራቸውን አገላብጦ ስኳር አገኘና «ሟቹ ዋሽተዋል፤ አንከፍልም» ብሎ ጻፈ። ደብዳቤውን ለእናቷ ያነበበችላቸው የኮሌጅ ተማሪዋ ልጃቸው ዱረቲ ነበረች።

የአለልኝ አለቃ «የፈረሙት እሳቸው ናቸው፤ አንተ ዝም በል» አለው። ሰባት ወር ዝም አለ። ባለቤታቸውን እትዬ ሲምቦን ሱቅ ውስጥ ሲያይ የያዘውን ዕቃ ጥሎ ይወጣ ነበር።

ያን ቀን ከስልጠናው በቀጥታ ወደ ክሪስታል ነዳ።

«አለልኝ! አንተም ሸሸኸን?» አሉ እትዬ ሲምቦ በሩን ሲከፍቱ። «የውሸታም ቤት ነው ብለህ?»

ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው። ፈቃዱን ቢነጠቅም ለኩባንያው እንደሚጽፍ ጨምሮ ነገራቸው።

እትዬ ሲምቦ ግድግዳውን ተደገፉ። «ብትጠይቀው እኮ ይነግርህ ነበር። መርፌውን ታክሲው ውስጥ፣ ተሳፋሪ እያየው ነበር የሚወጋው።»

ከእናቷ ኋላ የቆመችው ዱረቲ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ «አባቴ አልዋሸማ?»

«አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «እዚሁ ጻፈው።»

ጻፈ። ከኋላው ቆማ አነበበችና ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«"በስህተት" የሚለውን አውጣው።»

አወጣው።