ጋሽ ኬን ያልነገረኝ ጨዋታ

ጋሽ ኬን ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ማኪያቶ እየጠጣን፣ "ይሄ ኮፍያህ በዕድሜ ይበልጥሃል" እያልኩ ስቀልድበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ልጁ ኮል አደረገችልኝ። በእንቅልፉ ነው ያለፈው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ኬን እዚህ ስደት አገር፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር እኛ ሕንፃ ላይ የሚኖር የሰባ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። በጉልበቱ ዘመን አገሩ ላይ ለአንድ ካውንቲ፣ ማለትም ለአንድ ክፍለ ሀገር ቡድን፣ አሥራ አራት ዓመት ክሪኬት ተጫውቷል፤ ሥራው የተወረወረለትን ኳስ በእንጨት መምቻ መምታት ነበር። ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን አልጠራውም። በብርዱ ወራት ጨዋታ ስለሌለ የወተት መኪና ይነዳ ነበር።

"ጋሽ" ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ትርጉሙን ሲጠይቀኝ "ጡረታ የወጣ በሬ ማለት ነው" አልኩት። ሌላ አበሻ እውነቱን እስኪነግረው ድረስ ራሱን በዚያው ስም ያስተዋውቅ ነበር።

ክሪኬት ያስተማረኝ እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከሕንፃው ጀርባ ከቤንጋሊ ጎረቤቶቻችን ጋር እንጫወታለን። በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቅም። ኳሷ የመምቻህን ጠርዝ ነክታ ከኋላህ ያለው ሰው መሬት ሳትነካ ከቀለባት፣ ከጨዋታ ወጥተሃል። አንዳንዴ ግን መንካቷን ከመቺው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዳኛውም ድምፁን አይሰማም። ያኔ ጨዋ መቺ ማንንም ሳይጠብቅ ሜዳውን ለቆ ይወጣል።

"ነክተሃል? በቃ ሂድ" ይል ነበር።

አንድ ሰመር አርባ ዘጠኝ ነጥብ ደረስኩ። በሕይወቴ ሃምሳ ገብቼ አላውቅም። ኳሷ ጠርዙን ላስ አድርጋ አለፈች፣ ከኋላዬ ተቀለበች። ማንም አልሰማም። እኔ ግን መምቻዬን ብብቴ ሥር ከትቼ ወጣሁ።

"አበድክ እንዴ ወንድሜ?" አለኝ ኳሷን የወረወረው ራፊቅ። "ማን አየህ?"

"ያ ሽማግሌ" አልኩት፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ጋሽ ኬንን እያሳየሁ።

ጋሽ ኬን ጨዋታው ሳያልቅ ወንበሩን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ በተማሪው ኮርቶ ዕንባውን ሊደብቅ የገባ መስሎኝ ለስንት ዓመት ጉራዬን ነፋሁ።

ዛሬ ልጁ መርዶውን ከነገረችኝ በኋላ፣ "አባዬ ሲሞት እንድነግርህ አስምሎኛል" ብላ ቀጠለች። ጋሽ ኬን በተጫዋችነቱ ዘመን ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ጨዋታ ላይ ገና በጊዜ ኳስ ነክቶ ነበር። ዳኛው ስላልሰማ አልወጣም። መቶ ነጥብ አስቆጠረ፣ ኮንትራቱም ታደሰለት። ኳሷን የወረወረው የሌላው ቡድን ተጫዋችም ቡድኑ ያቆየው እንደሆነ የሚፈተንበት ቀን ነበር፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከቡድኑ ተሰናበተ። የእኔ አርባ ዘጠኝ ቀን ጋሽ ኬን ቤቱ ገብቶ ለልጁ ደውሎ አለቀሰ።

"ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?" አልኳት።

"እንዳትንቀው ፈርቶ ነዋ።"

ጋሽ ኬን፣ ተናድጄብሃለሁ። ያኔ ከሜዳ ሳትወጣ የቆምከው እንጀራህን ለማትረፍ ነው፤ አንተን ብሆን እኔም እቆም ይሆናል። ግን ስንት እሑድ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ስንት ማኪያቶ አብረን ጠጥተን፣ እኔ ምንም ልመልስልህ የማልችልበትን ቀን መረጥክ። እኔን እንደዚያ አድርገህ ነው የምታውቀኝ? ጓደኛውን በአንድ ኳስ የሚንቅ ሰው?

ቅዳሜ ቀብርህ ላይ እገኛለሁ። አኩርፌ ነው የምመጣው፣ እወቀው።

ደህና ሁን ጋሼ። ብትነግረኝ ኖሮ ሳምንት አኮርፍህ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን በርህን አንኳኳ ነበር። ያቺን ሳምንት ነው የነፈግከኝ።