የራሱን ሞት የለፈፈው ጥሩምባ ነፊ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ጩኸት ይልቅ የምፈራው የአጎቴን ጥሩምባ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ደሴ ላይ በአንድ ግቢ አብረውን ይኖሩ ነበር፤ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊም እሳቸው ነበሩ። ሰው የሞተ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ይነፉና «የእድራችን አባል እገሌ ስላረፉ ለቀብር ውጡ!» እያሉ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ያኔ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ የእናቴን ስም እንዳይጠሩ እጸልይ ነበር። እሳቸው ስሙን ካልጠሩት ሰው የሚሞት አይመስለኝም ነበር።

ሲመሽ ግን እኚሁ ሰው ሌላ ሰው ይሆናሉ። እናቴ የባሕር ዛፍ ፍም የሞላው ማንደጃ መሀል ቤት ታስቀምጣለች። ኩራዙ ጥቀርሻውን እየተፋ ግድግዳውን ባጠቆረበት በኩል ጥሩምባው በሚስማር ተንጠልጥሏል፤ ጋሼ ደምሴ ከሥሩ ተቀምጠው፣ ጢሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ እኛን ልጆቹን ሰብስበው የሞትን ተረት ያወሩልናል። የሚያስቅ ተረት ነበር።

ሞት አንድ ጥሩምባ ነፊ ቤት መጣ አሉ። «ተነስ እንሂድ» ቢለው ነፊው «እሺ፣ ግን እኔ ካልለፈፍኩ ማን ሰምቶ ይቀብረኛል?» አለው። ሞትም እውነት መስሎት ፈቀደለት። ነፊው ወጥቶ «የእድራችን አባል፣ ጥሩምባ ነፊው ስላረፈ ለቀብር ውጡ!» እያለ ሲጮህ ጎረቤቶቹ ድምፁን ያውቁታልና በየመስኮቱ ብቅ እያሉ «አንተ ሰካራም! ግባና ተኛ!» ብለው ሰደቡት። ሞት ቀባሪ የሌለው ሰው ይዞ መሄድ አፈረ፤ ነገ እመጣለሁ ብሎ ተመለሰ። በነጋታውም ያው ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን ያው።

ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ጨብጠው እንደ ጥሩምባ ሲነፉ እኛ «ግባና ተኛ!» እያልን እንጮሃለን። እኔ ብቻ በሳቁ መሀል «መጨረሻውስ?» እላለሁ፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

«ነፊው ሳይሞት መጨረሻውን ከየት ላምጣልህ?» ይሉኝ ነበር።

ኋላ እሳቸው ሲታመሙ እድሩ ሌላ ነፊ ያዘ። ሰውየው ከግቢያችን በታች ሲለማመድ ጥሩምባው እንደታነቀ ፍየል ይጮህ ነበር። ጋሼ ደምሴ ትራሳቸውን ተደግፈው አዳመጡና «እንዲህ ከተነፋልኝማ አልሞትም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በፍየል ድምፅ ስማቸው ተጠራ።

ይህን ተረትና የጋሼ ደምሴን የመጨረሻ ቀልድ ለባለቤቴ ለየሺ ስንቴ እንደነገርኳት እንጃ። አሜሪካ መጥተን ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ልጃችን ሳባ ቤት ስንኖር እኔ በሩ መቆለፉን፣ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከአልጋ ስነሳ «አንተ ሰካራም፣ ግባና ተኛ!» ትለኝ ነበር። መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

ከዚያ ታመመች። ዲኬተር የሚባለው ጎረቤት ከተማ ያለው ሐኪም ብዙ ተናገረ፤ የምታስተረጉመው ሳባ ነበረች።

«ምን አለ?» አለቻት እናቷ።

«ኢንፌክሽን ነው፤ መድኃኒቱን ቼንጅ እናደርጋለን አለ።»

መኪናው ጋ ስንደርስ እናቷን አስገብታ በሩን ዘጋችና እኔን ወደ ኋላ ሳበችኝ። «አባዬ፣ ሌላ ትሪትመንት የለም ነው ያለው። ቤት ውሰዷት አለ። ፕሊስ እንዳትነግራት።»

እኔ ልነግራት! በእኛ ዘንድ ለታማሚ ሞቱ አይነገርም። የሌላ ሰው መርዶ እንኳ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቴን በር ላይ አስተካክዬ ነበር ወደ እሷ የምገባው። እንዳትጠይቀኝ ስለፈራሁ ብቻችንን መሆን ሸሸሁ። የቀረን ጊዜ እያለቀ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ የተጠረገውን እጠርግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የእድራችን ሰዎች ሊጠይቋት መጡ፤ እዚህም እድር አለን። ከሥራ በፊት ብለው ማልደው ነበር የመጡት። ሁሉም ጥቁር ጃኬት ለብሰው በሩ ላይ ተኮልኩለው ቀድሞ የሚገባ ጠፋ። የሺ ሳሎን ከዘረጋንላት አልጋ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንዲህ በጠዋት ተሰብስባችሁ የመጣችሁት መርዶ ልትነግሩኝ ነው?»

ፊት የቆሙት ጥቁር ጃኬታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ማን ነው የሞተው? እኔ ከሆንኩ ቀስ አድርጋችሁ ንገሩኝ፤ ደንጋጣ ነኝ።»

የእድሩ ሊቀመንበር «ኧረ እትዬ የሺ፣ ምነው! ክፉ አይንካዎት» አሉ። ሳባ ሳቋ አመለጣትና አፏን ይዛ ኩሽና ገባች፤ እዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሰዎቹ ሲሄዱ እኔም ወደ ጋራዡ ልወጣ ነበር። «የት ነው? ና ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«እስቲ እንደ ጋሼ ደምሴ ጥራኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ስሜን ጠርተህ ነዋ! እዚህ አገር ጥሩምባ የለ፤ እኔን በቴክስት ነው የሚልኩኝ። አንዴ በወጉ ልጠራ።»

እጄን ጨብጬ አፌ ላይ አደረግሁ። «የእድራችን አባል... ወይዘሮ የሺ...» ስሟ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። «ስላረፉ» የምትለዋን ቃል ትቼ እጄን አወረድኩ። ግን ሳልላትም ነግሬያታለሁ፤ እሷም እንደምታውቅ ነግራኛለች።

ትክ ብላ አየችኝ። «እንዲህ ከተጠራሁማ አልሞትም» አለች።

ሳቅኩ። በልጅነቴ ያልሳቅኩትን ጭምር ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ግንባሬን እጇ ላይ ደፋሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። የምትለብሰውን ነጠላ መረጠች፤ ለሳባ የምትተውላትን ነገርም አወራን።

ሳቁ አንዲት ቀን አልጨመረላትም። እንዳለችውም መርዶዋ በየሰው ስልክ ገባ፤ በእኔ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሳይቀር ጮኸ።

ያኔ ነፊው ሞትን ያታለለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየውን አንድ ሌሊት ያሳደረው ድምፁን የሚያውቅ ጎረቤት ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ የሚሰድብ። እኔ ዛሬም ከአልጋዬ ተነስቼ በሩን እነካለሁ፣ ምድጃውን አያለሁ፣ ተመልሼ በሩን እነካለሁ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። ግባና ተኛ የሚለኝ የለም።